ማኅተሙ እንዴት ስልካችን ውስጥ ገባ?

አዲ አርቃይ ያሉ አያታችሁ ድሮ ጉዳይ ሲያስፈጽሙ ምን ይዘው ይሄዱ እንደነበር ጠይቋቸው። ፎቶ የተለጠፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት የቀበሌ መታወቂያ ይሏችኋል። ሠራተኛው ማኅተሙን ያያል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፊታቸውን ያያል። ልብ በሉ፦ ማረጋገጫው ሁለት ነው፤ የያዙት ነገርና ራሳቸው።

ኮምፒውተር ግን ቀና ብሎ አያይም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ብዙ ሰው የሚጋራው ኮምፒውተር ሲሠራ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ተሰጠው። ብዙም አልቆየ። በ1962 አላን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ተጨማሪ የኮምፒውተር ሰዓት ፈልጎ የሁሉንም የይለፍ ቃል በወረቀት አትሞ ወሰደ። ሚስጥር ብቻውን ይሰረቃል ማለት ነው።

መፍትሔው ያው የቀበሌው ብልሃት ሆነ፦ ሁለተኛ ምስክር መጨመር። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የ10 ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል መዝግቦ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ኦንላይን ስትገቡ ግን ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ በተመዘገበው ስልክ የአንድ ጊዜ ኮድ ይላካል።

የእናንተ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ለአያታችሁ ፎርሙን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ አይደል? ቶሎ እንዲያልቅ ብላችሁ የራሳችሁን ስልክ ካስገባችሁ፣ ምስክሩ ከእሳቸው እጅ ወጣ። ነገ ለትምህርት ጎንደር ስትሄዱ ኮዱም ተከትሏችሁ ይሄዳል፤ እሳቸው አዲ አርቃይ መስኮት ፊት ቆመው ይቀራሉ። ሲሙ የእሳቸው ይሁን። ኮዱንም ለማንም እንዳይናገሩ ንገሯቸው። ማኅተሙን የሚያውስ ቀበሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ?