የምርጫ ክርክር ወጪና ኪሳራን ማን ይክፈል? የኬንያ ፍርድ ቤቶች ልምድ

የፍርድ ቤቶቻችንን ውሳኔዎች የሚያነብ ሰው በመጨረሻው ገጽ ላይ «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻሉ» የምትለውን ዓረፍተ ነገር በሚገባ ያውቃታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ወጪና ኪሳራን ማን እንደሚከፍል የመወሰኑን ሥልጣን በመርህ ደረጃ ለፍርድ ቤቱ ስለተወው፣ ዓረፍተ ነገሯ ከልማድ የምትጻፍ እስክትመስል ድረስ ተለምዳለች። አብዛኛው ተከራካሪም ዋናውን ፍርድ እንጂ እሷን ልብ ብሎ አያነብም። በጎረቤት ኬንያ ግን በምርጫ ክርክር ጊዜ ይህችው ዓረፍተ ነገር አንዱን ተከራካሪ ከነንብረቱ ወደ ቤቱ ስትመልሰው፣ የሌላውን ቤት ልታፈርስ ትችላለች።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኬንያ የምርጫ ሕግ በአንቀጽ 84 ላይ የምርጫ ክርክር ወጪ ውጤቱን ተከትሎ እንደሚሄድ ይደነግጋል፤ በአጭሩ የተሸነፈ ይከፍላል ማለት ነው። አቤቱታ አቅራቢው መዝገብ ከከፈተ በኋላ በአሥር ቀናት ውስጥ ለወጪ ዋስትና የሚሆን ገንዘብ ማስያዝም አለበት። በአንቀጽ 78 መሠረት የፕሬዚዳንት ምርጫን ለሚቃወም 1 ሚሊዮን፣ የገዥን ወይም የፓርላማ አባልን ምርጫ ለሚቃወም 500 ሺሕ፣ የካውንቲ ምክር ቤት አባልን ምርጫ ለሚቃወም ደግሞ 100 ሺሕ የኬንያ ሽልንግ ነው። ገንዘቡ ካልተያዘ ጉዳዩ ወደፊት አይራመድም፤ ተጠሪው መዝገቡ እንዲዘጋለት መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ጉዳዮች እንሂድ። ራይላ ኦዲንጋ እ.ኤ.አ. በ2013 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ተቃውመው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ውድቅ ሲያደርግ፣ እያንዳንዱ ወገን ወጪውን ይቻል ተባለ። መስከረም 1 ቀን 2017 ያው ፍርድ ቤት በአራት ለሁለት ድምፅ ምርጫውን ሲሽርም ትዕዛዙ አልተለወጠም። መስከረም 5 ቀን 2022 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ የኦዲንጋን አቤቱታ ሲጥሉም እንዲሁ። ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ለተቃራኒ ወገን ጠበቃ አልከፈሉም፤ አልተከፈላቸውምም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጉዳዩ የአገር ጉዳይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በራይ ቤተሰብ የንግድ ክርክር ላይ ስለወጪ ሰፋ ያለ ትንታኔ ሰጥቶ ነበር። ወጪ ውጤትን መከተሉ መነሻ እንጂ የማይነካ ሕግ አይደለም፣ የሕዝብ ጥቅም ባለበት ጉዳይ ዳኛው ሊለየው ይችላል የሚል ነው ይዘቱ።

እኔ በዚህ አቋም ላይ ተቃውሞ የለኝም። የምቃወመው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መትነኑን ነው። የፓርላማ አባልን ምርጫ ተቃውሞ በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የካውንቲ ምክር ቤት አባልን ደግሞ በማጅስትሬት ፍርድ ቤት የሚከራከር ሰው ሲሸነፍ፣ በተለመደው አሠራር የአሸናፊውንም የምርጫ ኮሚሽኑንም ጠበቆች ይከፍላል። የአንድ ፕሬዚዳንት ምርጫ የሕዝብ ጉዳይ ከሆነ፣ የአንድ ወረዳ መራጭ ድምፁ በትክክል ተቆጥሯል ወይ ብሎ መጠየቁ የግል ጠብ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? የፓርቲ ካዝና ያለው ከወጪ ነፃ ሆኖ፣ ደመወዝተኛው መራጭ ይክፈል ማለት ሚዛኑን የገለበጠ ይመስለኛል።

ይህንን ፍርድ ቤቶቹ ጨርሶ አላዩትም ማለት ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የምርጫ አቤቱታ ደንብ በቁጥር 30 ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ሲቋጭ የሚከፈለውን ጠቅላላ ወጪ ወይም ጣሪያውን እንዲወስን ይላል። ጣሪያ መኖሩ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚታወቀው በመጨረሻ መሆኑ ነው። አቤቱታ አቅራቢው ልክሰስ ወይስ ልተው ብሎ በሚያመነታበት በመጀመሪያው ሳምንት ቢነገረው ኖሮ፣ የሚገባበትን ገደል ጥልቀት ለክቶ ይገባ ነበር።

ጣሪያው ከተወሰነ በኋላ ያሸነፈው ወገን የወጪ ዝርዝሩን ለሬጅስትራሩ ያቀርባል፤ ሬጅስትራሩም እያንዳንዱን መስመር እየመረመረ ይቀበላል ወይም ይቀንሳል። በዚህ ያልተስማማ ወገን በ14 ቀናት ውስጥ ተቃውሞውን አስታውቆ ጉዳዩን ወደ ዳኛ ሊወስድ ይችላል። ዳኛው ግን ሒሳቡን እንደ አዲስ አይሠራም። እዚህ ላይ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1972 የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በፕሬምቻንድ ራይቻንድ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ሬጅስትራሩ የመርህ ስሕተት ካልፈጸመ፣ ወይም መጠኑ ስሕተት መኖሩን እስኪያሳብቅ ድረስ ካልተጋነነ፣ ዳኛ ጣልቃ አይገባም። ያው ውሳኔ ወጪ ፍርድ ቤትን የሀብታሞች ብቻ እስኪያደርግ ድረስ መናር እንደሌለበትም አስቀምጧል። (ክፍያው ወጣቶችን ወደ ጥብቅና ሙያ ለመሳብ የሚበቃ መሆን አለበት ማለቱንም አልዘነጋሁም፤ እኛ የሕግ ሰዎች ይህችን መስመር እንወዳታለን።)

ከዚያ አፈጻጸሙ ይመጣል። መጀመሪያ የሚነካው የተያዘው ገንዘብ ነው። የፓርላማ አባልን ምርጫ የተቃወመ ሰው ወጪው 3 ሚሊዮን ሽልንግ ተብሎ ቢወሰንበት፣ 500 ሺሑ ከማስያዣው ተቀንሶ 2 ሚሊዮን ተኩል ዕዳ ይቀርበታል። ለዚህ ቀሪ ዕዳ እንደማንኛውም የፍርድ ባለዕዳ ንብረቱ ሊከበር፣ የባንክ ሒሳቡ ሊያዝ ይችላል፤ ሕጉ የማይከፍልበትን ምክንያት አስረዳ ተብሎ በፍትሐ ብሔር እስራት የሚጠየቅበትንም መንገድ ክፍት አድርጓል። የተሸነፈው የምርጫ ኮሚሽኑ ሲሆን ግን ወጪው የሚከፈለው ከሕዝብ በጀት ነው፤ ኮሚሽኑን ወክለው የተከራከሩት ጠበቆች ክፍያም የሚወጣው ከዚያው በጀት ነው።