በሬሳ ሣጥን ክዳን ላይ የተሳለ ሰማይ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሰማይን ሲያነብ ኖሯል። ገበሬው የዘሩን ወቅት፣ መንገደኛው አቅጣጫውን፣ ሰጋጁ የሶላቱን ሰዓት ከሰማይ ይለያል። ከዚሁ ጎን ለጎን «ዕድሌን ንገረኝ» እያለ ኮከብ የሚለማመጥም አልጠፋም። የሁለቱን መንገዶች ልዩነት በግልጽ ከሚያሳዩን ነገሮች መካከል የጥንታዊት ግብፅ የሬሳ ሣጥኖች ይገኙባቸዋል።

በላይኛው ግብፅ፣ በአስዩጥ፣ ከ4000 ዓመታት በፊት ገደማ በተሠሩ የእንጨት ሣጥኖች ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የከዋክብት ሠንጠረዥ ተጽፎ ተገኝቷል። ግብፃውያን 36 የከዋክብት ስብስቦችን ለይተው፣ ለእያንዳንዱ 10 ቀን መድበው የሌሊቱን ሰዓት ይቆጥሩባቸው ነበር። ሙት ሰዓት ይቆጥራል ማለታቸው ከንቱ እምነት ነው። ስሌቱ ግን የረጅም ዘመን ትዝብት ያፈራው ዕውቀት ነበር።

አሥራ ሁለቱ ቡሩጆች የመጡት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ የፀሐይን መንገድ ለ12 እኩል ከፈሉት። ይህ አከፋፈል በግሪኮች ዘመን ግብፅ ገባ፤ በሮማውያን ዘመን ደግሞ መቃብር ውስጥ ዘለቀ። በዳኽላ በረሃ «ቃረት አል-ሙዘወቃ» በሚባለው ስፍራ የመቃብር ጣሪያዎች በቡሩጆች ሥዕል ተሸፍነዋል። ስሙም በዐረብኛ «ያጌጠችው» የሚል ትርጉም አለው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የቴብስ ሹም የነበረው የሶተር ቤተሰብ መቃብር ነው። ልጁ ጴጣሜኖፊስ በ116 እ.ኤ.አ. ሞተ። ዕድሜው በሣጥኑ ላይ ተጽፏል፦ 21 ዓመት ከ4 ወር ከ22 ቀን። በክዳኑ ውስጥ የሰማይ አምላክ ይሏት የነበረችው የኑት ምስል ተስሎ ዙሪያዋን ቡሩጆቹ ከብበዋታል። ከእነርሱ አንዱ፣ ጀዲ፣ ከረድፉ ወጥቶ ለብቻው ይታያል፤ የልጁ የልደት ኮከብ መሆኑ ነው። ይህ ኮከብ በሕይወቱ ላይ አንዲት ቀን አልጨመረለትም።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንዳንድ የአውሮፓ ምሁራን በግብፅ ቤተ መቅደሶች ያሉት የቡሩጆች ሥዕሎች ብዙ ሺህ ዓመታት አስቆጥረዋል ብለው ይከራከሩ ነበር። ፈረንሳዊው ለትሮን በ1824 እ.ኤ.አ. የዚህን ወጣት ሣጥን ማስረጃ አድርጎ ሥዕሎቹ የሮማውያን ዘመን ሥራ ናቸው ሲል ተከራከረ። ስለ ወደፊቱ ምንም ያልፈየደው ሣጥን ስላለፈው ዘመን ጥሩ ምስክር ሆነ።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን! በአገራችን የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በቁጥር መንዝረው፣ ለ12 ገድፈው «ኮከብህ ጀዲ ነው»፣ «ኮከብሽ ሚዛን ነው» የሚሉ አሉ። ሐመል፣ ሰውር፣ አሰድ፣ ቀውስ፣ ሑት የሚሉት ስሞች ሁሉ ዐረብኛ ናቸው። ታዲያ ስሙ ዐረብኛ ስለሆነ ብቻ ሃይማኖታዊ ዕውቀት የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። በዚህ ምክንያት የሚፈርስ ትዳር፣ የሚከሰከስ ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ሶተር ልጁን በከዋክብት ሥዕል መካከል ቀበረ። ከእርሱ 500 ዓመታት ያህል በኋላ ሌላ አባት በመዲና ልጃቸውን ቀበሩ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም ገና ጡት ሳይጥል በሞተበት ዕለት ፀሐይ ጨለመች፤ ሰዎችም «ለኢብራሂም ሞት ነው የጨለመችው» አሉ። ሐዘን ላይ ላለ አባት ይህ ምን ያህል የሚያጽናና ንግግር ነበር! እርሳቸው ግን ዝም ብለው አላለፉትም፤ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጨልሙ ለሕዝቡ አስተማሩ።

እንግዲህ ልጆቻችን ሰማይን ይማሩ፤ ቂብላን ይለዩበት፣ ወራትን ይቁጠሩበት። ዕድሜያቸውንና ሲሳያቸውን ግን ከከዋክብት አይጠይቁ። የጴጣሜኖፊስ ክዳን መልሱን ከ1900 ዓመታት በፊት ሰጥቷል።