የበረራ ትምህርት ዋጋና ከፋዩ

በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ልጁ «አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ» ባለው ጊዜ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ጥያቄ የመንግሥት የተማሪዎች ብድር ይህን ወጪ ይችለዋል ወይ የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አብዛኛውን አይችለውም። ለምን እንደማይችለው ለመረዳት ግን ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል። ያው መንግሥት የወጣቶቹን የበረራ ትምህርት ከካዝናው የከፈለበት ዘመን ነበርና። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዲሴምበር 27 ቀን 1938 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በየዓመቱ 20,000 የኮሌጅ ተማሪዎችን በረራ የሚያስተምር ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ዕቅዱ በ13 ኮሌጆችና በ330 ተማሪዎች ተሞከረ፤ በተከታዩ ዓመት አጋማሽ ኮንግረስ ሕግ አድርጎ አጸደቀው። መንግሥት በክፍል ውስጥ ለሚሰጠው የ72 ሰዓት ትምህርትና በአየር ላይ ለሚደረገው ከ35 እስከ 50 ሰዓት ልምምድ ይከፍል ነበር። ከተማሪው ኪስ የሚወጣው ለሕክምና ምርመራና ለመድን የምትሆን ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነበረች። መርሐ ግብሩ በ1944 እስከተዘጋ ድረስ ከ435,000 በላይ ሰዎች ሠለጠኑበት።

ይህ ልግስና ከየት መጣ? ስሙ «ሲቪል» ይባል እንጂ አውሮፓ ወደ ጦርነት እያዘገመች መሆኗን ዋሽንግተን ታውቅ ነበር። ከፐርል ሃርበር ጥቃት በኋላማ ሽፋኑ ተገፈፈ፤ ሠልጣኙ ወደ ጦር ኃይሉ ለመግባት ቃል እንዲገባ ተደረገ። ሴቶች ደግሞ ቀድሞም ከአሥር ወንዶች ጋር አንዲት ብቻ እንድትገባ ተፈቅዶላቸው የነበረ ሲሆን፣ በ1941 ጭራሽ ተከለከሉ። ለጦር ግንባር የማትላክ ሠልጣኝ ለካዝናው ትርፍ ወጪ ነበረች።

ሆኖም የሕዝብ ገንዘብ አንድ ጠባይ አለው፤ ሁሉም «የእኔም ነው» ሊለው ይችላል። ከዚያ በፊት ጥቁር አሜሪካውያን በረራ የተማሩበትን መንገድ እንመልከት። ቤሲ ኮልማን በአገሯ የሚያስተምራት ትምህርት ቤት በማጣቷ ፈረንሣይ ድረስ ሄዳ በ1921 ፈቃድ አወጣች። አልፍሬድ አንደርሰን ያጠራቀመውን ገንዘብ ከወዳጅ ዘመድ በተበደረው ላይ ጨምሮ ያገለገለ አውሮፕላን ገዛና በራሱ አውሮፕላን ተማረ። በ1935 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው ጆን ሮቢንሰንም ቺካጎ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት ጠራጊ ሆኖ ተቀጥሮ ትምህርቱን ከዳር ሆኖ ያዳምጥ እንደነበር ይነገርለታል። ሦስቱም ትምህርቱን ያገኙት በስደት፣ በዘመድ ብድርና በመጥረጊያ ነው።

ሮቢንሰን ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ካፈራቸው የቺካጎ በራሪዎች ማኅበረሰብ የወጡ ሁለት ወጣቶች፣ ዴል ኋይትና ቾንሲ ስፔንሰር፣ በግንቦት 1939 አሮጌ አውሮፕላን ተከራይተው ወደ ዋሽንግተን በረሩ። ሞተሩ ኦሃዮ ላይ ተሰብሮ በግድ ካረፉ በኋላ እንደገና ተነሥተው ደረሱ፤ ያን ጊዜ ሴናተር የነበሩትን ሃሪ ትሩማንንም አነጋገሩ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕግ ማንም በዘሩ፣ በእምነቱ ወይም በቀለሙ ምክንያት ከሥልጠናው እንዳይገለል ደነገገ። በጥቅምት 1939 ሮቢንሰን የተማረበት የተስኪጊ ተቋም ወደ መርሐ ግብሩ ገባ፤ በዘመድ ብድር የተማረው አንደርሰንም የዚያ ዋና አስተማሪ ሆነ። በመጋቢት 1942 የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥቁር የጦር አብራሪዎች ከተስኪጊ ተመረቁ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ ወደ አንድ ሺህ ተጠጉ። ዋሽንግተን ይህን ያደረገችው በጽድቅ ተነሣስታ ነው ብሎ የሚያምን ካለ የዋህ ነው፤ ያሠለጠነቻቸው ለይታ በተለየ ሠፈር ነበርና። ነገር ግን ክፍያው ከግብር ከፋዩ ኪስ ባይሆን ኖሮ ስፔንሰርና ኋይት የሚሟገቱበት ደጅ አይኖርም ነበር። የግል ባንክን ደጅ በዚህ ዓይነት ማንኳኳት የሚቻል አይመስለኝም።

ከጦርነቱ በኋላ የ1944ቱ የተመላሽ ወታደሮች ሕግ በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያ ይሸፍን ስለነበር ብዙዎች ወደ በረራ ትምህርት ቤቶች ጎረፉ። ለመዝናናት የሚበርረው በዛ ተብሎ ኮንግረስ በ1948 ገደብ ጣለ፤ በዚያ ገንዘብ የቆሙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ።

ከዚያ የብድር ዘመን ተተካ። ሶቪየቶች ስፑትኒክን ባመጠቁ ማግሥት በ1958፣ ቀጥሎም በ1965 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ፣ መንግሥት ተማሪውን ማበደርና ለብድሩ ዋስ መሆን ጀመረ። ሕጉ በዓይነ ሕሊናው ያየው ግን በክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ተማሪ ነው። በሰዓት የሚከራየው አውሮፕላን፣ ነዳጁና የአስተማሪው አበል በዚያ ሒሳብ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ዛሬ በበረራ ትምህርት ቤት ከዜሮ ተነሥቶ ለመቀጠር እስኪበቁ ወደ 100,000 ዶላር ይጠይቃል። በወላጁ ሥር ያለ ተማሪ በስሙ ከመንግሥት የሚበደረው ግን በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ እስከ ምረቃው በጠቅላላ 31,000 ዶላር ነው፤ ይህም ትምህርት ቤቱ ለመንግሥት ብድር ብቁ ሲሆን ነው። ከኮሌጅ ጋር ያልተያያዙት የበረራ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ ብቁ አይደሉም። ቀዳዳውን ይሞላ የነበረው የወላጆች ብድር ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ እርሱንም ከጁላይ 2026 ጀምሮ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላ ከ65,000 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነው። የተረፈው በግል ባንክ፣ ዋስ ጠርተው የሚሞሉት ነው። ቤት የሌለው ስደተኛ ወላጅ ማንን ይጠራል?

በዚህ ላይ የ1,500 ሰዓቱ ሕግ ተጨመረ። በፌብሩዋሪ 2009 በበፋሎ አጠገብ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ቀድሞ በ250 ሰዓት ይቀጠር የነበረው ረዳት አብራሪ ከ2013 ጀምሮ በመደበኛው መንገድ 1,500 ሰዓት መብረር ግዴታው ሆነ። (የሚገርመው፣ በዚያ አውሮፕላን የነበሩት ሁለቱም አብራሪዎች ከዚህ የበለጠ በርረው ነበር።) በዩኒቨርሲቲ የበረራ ዲግሪ ላለው 1,000 ሰዓት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ሰዓቱን የሚያሳጥረው መንገድ ዕዳውን ያስረዝማል። ሌላው በትንሽ ደመወዝ ሌሎችን እያስተማረ ሰዓት ሲያጠራቅም ወለዱ አብሮት ያድጋል።

በአገራችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በ1945 ሲመሠረት በአሜሪካውያን አብራሪዎች የጀመረ ቢሆንም፣ የራሱን ልጆች መርጦ በራሱ ትምህርት ቤት አሠልጥኖ በአገልግሎት ውል የሚያስርበትን መንገድ ይዞ አደገ። ውሉ የሚያማርርባቸው ጊዜያት እንዳሉ አይካድም፤ የድሀ ልጅ ግን ገብቶበታል። ይህ መንገድ ለአሜሪካም እንግዳ አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል ዛሬም አብራሪውን አንዲት ሳንቲም ሳያስከፍል ያሠለጥናል፤ በምትኩ የሚጠይቀው 10 ዓመት አገልግሎት ነው።