ዋናውና ግልባጩ፤ ስለ ሐይቅ ውሃና ስለ ፎቶግራፍ

በየመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ሲጻፍ ከግርጌው «ግልባጭ» የምትል ቃል ትሰፍራለች። ቃሊቱን በየቀኑ ስለምናያት ትርጓሜዋን ቆም ብለን አንመረምርም። ገለበጠ ማለት ላዩን ወደ ታች፣ ታቹን ወደ ላይ አደረገ ማለት ነው፤ ጽሕፈትን ካንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ማዛወርም በዚሁ ቃል ይጠራል። ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ፣ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ የወረደ ሰው የዚህን ቃል ሁለቱንም ትርጓሜ ባንድነት ያያል። ኮረብታውና ዛፉ፣ ደመናውና የዓሣ አጥማጁ ታንኳ በውሃው ላይ ተገልብጠው ተጽፈዋልና። ዋናው ከላይ፣ ግልባጩ ከታች ነው።

በዛሬው ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሣት የብዙ ሰው የዕረፍት ሰዓት ሥራ ሆኗል። ባልንጀሮችም እርስ በርሳቸው ውድድር መሰል ጨዋታ ይገጥማሉ፤ «በዚህ ወር ሁላችንም በውሃ ላይ የታየ ምስል አንሥተን እንገናኝ» ይባባላሉ። ይህን የልጅ ጨዋታ አድርገው የሚቈጥሩት አይጠፉም። ነገር ግን ጨዋታው የራሱ ታሪክ ያለው ከመሆኑም በላይ፣ በተለይ ለሐይቅና ለአምባሰል አገር የሚሰጠው ጥቅም ስላለ፣ ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት እናወሳለን።

ፎቶግራፍ የተባለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ የፈለሰፈው ዘዴ በፓሪስ ለሕዝብ በተገለጸ ጊዜ፣ ምስሉ የሚቀረጸው እንደ መስተዋት በተወለወለ የብር ገጽ ላይ ነበር። ስለዚህም ሥዕሉን ለማየት ያጐነበሰ ሰው ከሥዕሉ ጋር የራሱንም ፊት ያይ ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1852፣ ቤንጃሚን ብሬክኔል ተርነር የተባለ እንግሊዛዊ በኬንት አውራጃ የሆክኸርስትን ቤተ ክርስቲያን በኩሬ ውሃ ላይ ከሚታየው ምስሉ ጋር አነሣ። በዚያን ዘመን አንድ ሥዕል ለማንሣት ብዙ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ስለ ነበረ፣ ውሃው በዚያ ሁሉ ጊዜ መርጋት ነበረበት። ተርነርም ለሥዕሉ «የፎቶግራፍ እውነት» የሚል ስም ሰጠው። ውሃው የሕንፃውን መልክ ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንደሚመልስ፣ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው ማለቱ ነበር። በ1855 ደግሞ በለንደን የፎቶግራፍ ወዳጆች ማኅበር አቁመው፣ እያንዳንዱ አባል ያነሣውን ለሌሎቹ እየሰጠ የእነርሱን ይቀበል ጀመር። ዛሬ ባልንጀሮች የሚገጥሙት ጨዋታ የዚህ ዓይነቱ ልማድ ልጅ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የወሎ ምድር ከፎቶግራፍ ጋር የተዋወቀው ገና ቀደም ብሎ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው መጥተው ተራራውንና ሰፈሩን አንሥተዋል። በኋላም በአጼ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ልጆቹ ወረሱት። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያዊቱ አይዳ ሙሉነህ በመሠረተችው በአዲስ ፎቶ ፌስት የየአገሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን በአዲስ አበባ ለማሳየት በቅተዋል።

ይሁን እንጂ ሐይቅ የሰውን መልክ ለትውልድ ለማቆየት የፎቶግራፍን መፈልሰፍ አልጠበቀም። በ13ኛው መቶ ዓመት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳማቸው የሰጡት ወንጌል፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን፣ በውስጡ የሰጪው የራሳቸው ሥዕል ይገኝበታል። ዘመናቸው ከታወቀ ባለ ሥዕል የኢትዮጵያ መጻሕፍት መካከል ይህ ከቀደምቶቹ የሚቈጠር ነው። ከዳጌር የብር ገጽ 550 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በዚህ ውሃ ዳር የአንድ ሰው መልክ በብራና ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

የዋናውና የግልባጩ ነገር በአምባሰል ደግሞ ሌላ መራራ ታሪክ አለው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአጼ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል ውል የተፈረመባት ውጫሌ የአምባሰል ምድር ናት። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። አንዱ የሌላው ትክክለኛ መልክ መሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመላላክ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣልያም በዚህ ጠማማ ግልባጭ ተደግፋ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ነገሩ በደብዳቤ ሊቃና ስላልቻለ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተፈታ። ጽሕፈትን ከጽሕፈት ጋር ማመሳከር የዕለት ሥራችን ለሆነው ለእኛ፣ ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ አይገኝም።

ታዲያ የውሃው ግልባጭስ ከዋናው ጋር አንድ ነውን? መልሱ ብዙዎችን ያስደንቃል፤ አንድ አይደለም። ብርሃን በረጋ ውሃ ላይ ባረፈበት ማዕዘን ልክ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ካሜራዎን ከውሃው 2 ሜትር ከፍ አድርገው ቢይዙ፣ በውሃው ውስጥ የሚታየው ሥዕል 2 ሜትር ከውሃው በታች ሆኖ ሽቅብ በሚመለከት ዓይን የታየ ያህል ነው። የቅርንጫፉን ሆድና የጣራውን ክፈፍ ከታች በኩል ያሳያል፤ ከዳር ያለው ቁጥቋጦም በስተኋላው ያለውን ኮረብታ በውሃው ውስጥ ይሸፍነዋል። እንግዲህ ግልባጩ ከቆምንበት ሆነን ልናየው የማንችለውን ወገን ያሳየናል ማለት ነው።

ለሥራውም የሚረዱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ከብርሃኑ ከመቶ 2 እጅ ያህሉን ብቻ ተመልሶ ያገኛል፤ ዓይኑን ወደ ውሃው ገጽ ባስጠጋ ቁጥር ግን የሚመለሰው ብርሃን ይበዛል። ስለዚህ ካሜራን ዝቅ አድርጎ መያዝ ይበጃል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሌንሱን በውሃው ገጽ ርቀት ላይ ያስተካክልና ምስሉ ይደበዝዝበታል። ማስተካከል የሚገባው ግን በዋናው ነገር ርቀት ነው፤ ኮረብታው ሩቅ ከሆነ ጥላውም ያንኑ ያህል ሩቅ ነውና። የውሃው ምስል ሁልጊዜ ከዋናው ጠቆር የሚል መሆኑንም አይዘንጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንድረስ። 23 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ስፋትና በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሐይቅ የሚገባበት ጅረት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ገቢው ዝናብና ጅረት፣ ወጪው በፀሐይ የሚተንነው ውሃ ነው። ሒሳቡ ሲጐድል ጉድለቱ የሚታወቀው በዳር ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም ጥንት በደሴት ላይ የነበረ ሲሆን፣ ውሃው ስለ ሸሸ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የታተመ ጥናት ውሃውን እጅግ የጠራ ሆኖ አግኝቶት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን ጥራቱ መቀነሱን ገልጸዋል። ለዚህም ሊቃውንቱ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ በ1970ዎቹ ወደ ሐይቁ የገባው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ነው። ውሃ ሲደፈርስ የራሱን ቀለም ወደ ዓይን ስለሚመልስ ጥቁርና ጥልቅ መስተዋትነቱን ያጣል፤ ምስሉም ይገረጣል። ስለዚህ ለጨዋታ ብለን የምናነሣው ሥዕል፣ የዳሩን መስመርና የውሃውን መልክ ዓመት ከዓመት የሚመዘግብ መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ይህም እንዲሆን ባልንጀሮች ሲገጥሙ ጥቂት ደንብ ቢያበጁ መልካም ነው። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ሥዕል ቀኑ፣ ሰዓቱና የተነሣበት ቦታ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሥዕሉ በመሣሪያ ተነካክቶ እንደ ሆነ በግልጽ ይነገር፤ የውጫሌን ነገር እያወቅን ጠማማ ግልባጭ አናቅርብ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ በዚያው ወር ወደዚያው ቦታ ተመልሰን እንቁም። አራተኛ፣ በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ውስጥ ስለማይገቡ፣ ወንድሞችና እኅቶች እኩል የሚቆሙበት ዳር ይመረጥ። ሐይቅ መሄድ ያልቻለም አይቅርበት። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሼን ማርያም የሚወጣ መንገደኛ ክረምቱ በድንጋይ ጉድጓድ የተወውን ውሃ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪም ከዝናብ በኋላ በአስፋልት ላይ የቀረውን ኩሬ መመልከት ይችላል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ በመዝገብ ቤት ዋናው ደብዳቤ ቢጠፋ ግልባጩ ተፈልጎ ሥራው ይቀጥላል። የውሃ ግልባጭ ግን እንዲህ አይደለም። ነፋስ ሲነሣ ይበተናል፤ ውሃው ሲሸሽም አብሮ ይሄዳል። የቀደሙት አባቶች በሐይቅ ዳር የዘመናቸውን መልክ በብራና አቆይተውልናል። ከእንግዲህ ወዲህ በዕረፍት ቀን ወደዚያ የሚወርድ ሁሉ የራሱን ዘመን ውሃ በታመነ ሥዕል ቢያስቀምጥ፣ የነገው ሰው ዳሩ የት እንደ ነበረ ሲጠይቅ የሚያመሳክርበት ግልባጭ ያገኛል።