እንጦጦ፦ የድንጋዩ፣ የውኃውና የሸክሙ ታሪክ

ስለ እንጦጦ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ነው። እኛ ተራራውን የምናውቀው በእግራችንና በጀርባችን ስለሆነ ከድንጋዩ ብንጀምር ይሻላል።

የእንጦጦ ዓለት ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። እሳተ ገሞራ ያወጣው ቅልጥ ዓለትና አመድ ተደራርቦ የቀዘቀዘ ነው። ኋላ ምድሪቱ ስትሰነጠቅ ደቡቡ ወገን ዝቅ አለ፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱ ድንገት ቀጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ፍል ውኃም የሚወጣው እንዲህ ባለ ስንጥቅ በኩል ነው። ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባና አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል፤ በሰሜን በኩል የወረደው ግን በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ሸክማችንን አሳርፈን ከምንቀመጥበት ጉብታ ላይ ውኃው ይለያያል ብሎ ማን ያስባል!

አባቶች ሲናገሩ፣ ዐፄ ዳዊት እዚህ ከተማ ነበራቸው፤ ከዘራቸው አንዱ ተመልሶ እንደሚያቀናው ትንቢት ነበር ይላሉ። ምኒልክ የጥንቱን ፍርስራሽ አስፈልገው የሰፈሩትም ለዚህ ነው ይባላል። ትንቢቱ እንዳለ ሆኖ፣ ቦታው ለምሽግ የተመቸ መሆኑን ዳገቱን የወጣ ሁሉ ይመሰክራል። ለኑሮ ግን ብርድና ነፋስ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ከተማው ቁልቁል መውረድ ጀምሮ ነበር። ያወረዱትም ሴት ናቸው፤ ይህን ሳንናገር አናልፍም።

ከተማው ሲሰፋ ጥዱና ወይራው ተመነጠረ። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ያስቀረው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ዳሩ ግን ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሣር እምብዛም አያበቅልም፤ ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ያንኑ የጥንት ዓለት ያወጣዋል።

ዛፉ ደግሞ ራሱ ወደ ከተማ አይወርድም። ጅብ ከመንገድ ሳይለቅ ጨለማውን ተነሥተን፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመን፣ ገመዱን ደረታችን ላይ አስረን ጎንበስ ብለን የምናወርደው እኛ ነን። አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን እንጀራዋን የጋገረችው በዚህ ቅጠል ነው። ጥበቃ አባሮ ያስጣለን፣ ገመዳችንን የነጠቀን ቀን ልጆቻችን ሳይበሉ ያድራሉ። ከመካከላችን ወደ ፈትልና ወደ ጥልፍ የተሻገርን አለን፤ ዛሬም የምንወጣ አለን።

ተራራው ዳግም ጥድና ወይራ ይልበስ ሲባል ደስ ይለናል፤ ምንጮቹም ይመለሱ ይሆናል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ችግኝ የሚተክሉትና የሚንከባከቡት ሲቀጠሩ፣ አቀበቱን ድንጋይ በድንጋይ የሚያውቁት ሴቶች ይቅደሙ።