የመዥገር ንክሻ ምልክትና የተስቦ ምርመራ ታሪክ

በሰሜን ጎንደር ደጋማ አገር ከብት ለሚያረባ ገበሬ የመዥገር ንክሻ እንግዳ ነገር አይደለም። የተነከሰው ቦታ በሰዓታት ውስጥ ቀልቶ ቢያሳክክና ቢያብጥ፣ ይህ ቆዳ ለመዥገሩ ምራቅ የሚሰጠው መልስ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ንክሻው ጥቁር ቅርፊት ቢይዝ፣ በአቅራቢያው ያለው ንፍፊት ቢያብጥና ትኩሳት ከራስ ምታት ጋር ቢከተል፣ ሪኬትሲያ የተባለ ተሐዋሲ ወደ ሰውነት መግባቱን ያስጠረጥራል።

ችግሩ ይህ ትኩሳት ከተስቦ ጋር መመሳሰሉ ነው። ተስቦንም የሚያመጣው ሌላ የሪኬትሲያ ዓይነት ሲሆን አስተላላፊው የልብስ ቅማል ነው። ልዩነቱን ማወቅ ከበሽተኛው አልፎ ለኅብረተሰቡ ይጠቅማል። ተስቦ ከሆነ ቤተሰቡን ወይም እስር ቤቱን ከቅማል ማጽዳት ግድ ይላል፤ የመዥገር ትኩሳት ከሆነ ግን ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ጥንቃቄው ወደ ከብቱና ወደ ግጦሹ ይዞራል።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ለገጠሩ የሚሰማሩ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ በዓለም የታወቀው የተስቦ ምርመራ ቫይልና ፌሊክስ እ.ኤ.አ. በ1916 የደረሱበት ነበር። በዚህ ምርመራ የበሽተኛው ሴረም ፕሮቲየስ ከተባለ ባክቴሪያ ጋር ተቀላቅሎ መጓጎሉ ይታያል። ፕሮቲየስ ግን የበሽታው መንሥኤ አይደለም። መለኪያ የሚያሳየው ቁጥርና የሚለካው ነገር አንድ አለመሆናቸውን የሚያውቅ መሐንዲስ የዚህን ማስረጃ ድካም በቀላሉ ይረዳል።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ዶክተር ራይስ ጉትፍሮይንድ በኢትዮጵያ ከብቶችና በመዥገሮቻቸው የተስቦን ተሐዋሲ ማግኘታቸውን ሲገልጹ ክርክር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊሊፕና ከሁግስትራል ጋር ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ከብቶች መዥገሮች ውስጥ ሪኬትሲያዎች ስለመኖራቸው ማስረጃ ቀረበ። የመዥገሩ ትኩሳት ተሐዋሲ ግን ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሙሉ የዘር መዋቅሩ ሲታተም፣ የተነበበው ከኢትዮጵያ አምብሊዮማ መዥገር የተገኘው ዝርያ ነበር።

ዛሬ ከቅርፊቱ በሚወሰድ ናሙና ተሐዋሲውን በዘረ መል መለየት ይቻላል። ይህ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን ብሽሽትን፣ ከጉልበት ኋላ ያለውን ቆዳና የጠጉርን ሥር በጥንቃቄ መመልከት ያሻል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ደብዛዛ ነው፤ ቅርፊቱም ብዙ ስለማያም በሽተኛው ላያስተውለው ይችላል። በቅማል ተስቦ ይህ ቅርፊት አይታይም። የደም ምርመራ ዘግይቶ ስለሚያሳይም ዶክሲሳይክሊን ውጤት ሳይጠበቅ ሊጀመር ይገባል፤ መድኃኒቱ ለሁለቱም ይሠራል። ማጽዳት የሚገባው ልብሱ ወይስ ከብቱ መሆኑን የሚነግረን ግን ያ ትንሽ ጥቁር ምልክት ነው።