ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?

ታላቅ እህቴ ቤት ልትቀይር ስትነሳ መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው። የምትነሳው ከሰሜን ነው። መቐለን ለማታውቁ፣ ሰሜን አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን የክፍለ ከተማ ስምም ነው። ልትገባበት ያሰበችው ደግሞ ከተማው ጫፍ ላይ፣ አዳዲስ ቪላዎች የተደረደሩበት፣ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ሁለት ልጆች አሏት፤ ሴቷ 16፣ ወንዱ 14 ዓመቱ ነው። ደላላው "ሰፈሩ ሰላም ነው" ብሏታል። እሷ ግን ደላላ አታምንም። "አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ፤ እስቲ አጣራልኝ" አለችኝ።

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው እንዲህ ሲባል ምን ያደርጋል? ኤክሴል ይከፍታል። የአጥር ቁመት፣ የመንገድ መብራት፣ ጥበቃ መኖሩ፣ የፖሊስ ጣቢያ ርቀት፣ አስፋልቱ፣ ምናምን። ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጠሁት፣ ደመርኩት። አዲሱ ሰፈር ከ10 ወደ 8 ተጠጋ፤ አሮጌው 5 እንኳ አልሞላም። በቃ፣ ተፈታ ብዬ ለእናቴ አሳየኋት። ሠንጠረዡን ረጋ ብላ አየችውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ "አይደር በ1990 ስንት ያገኝ ነበር?"

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ስፈልግ የሄድኩበት መንገድ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። መቐለ ከተማ የሆነችው አፄ ዮሐንስ አራተኛ መቀመጫቸው ስላደረጓት ነው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ የሠራላቸው ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። ያኔ "ሰላም ሰፈር" ማለት ለትልቅ ሰው ግቢ የቀረበ ሰፈር ማለት ነበር። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ይሰፍራሉ፤ በመኳንንቱ ዙሪያ ደግሞ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ባለሙያው ይሰፍራል። የአዲስ አበባ ሰፈሮችም የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ "ሰፈር" የሚለው ቃል ራሱ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እየተባለ በሰው ስም የተጠራውም ለዚህ ነው። አድራሻህን ሳይሆን ጠባቂህን ነበር የምትናገረው።

ይህ ዓይነቱ ደህንነት ሁለት ነገር ነበረው። ጥሩው፣ ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር መኖሩ ነው፤ የጌታው ልጅና የአሽከሩ ልጅ አንድ መንገድ ላይ ያድጋሉ፣ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆኑ ያውቃል። መጥፎው ደግሞ ደህንነቱ የአንድ ሰው መሆኑ ነው። ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ከሰባት ዓመት በኋላ ጣሊያን መቐለ ገብቶ እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ነበር፤ የአፄ ምኒልክ ጦር ከብቦ ውሃውን ይዞበት ነው ለቆ የወጣው። ትናንት የንጉሠ ነገሥት መቀመጫ፣ ዛሬ የጦር ሜዳ። ደጃች ውቤ ሰፈርን ደግሞ ተመልከቱ፤ በመኳንንት ስም የተጠራው ሰፈር ቆይቶ የታወቀው በመጠጥ ቤቱና በምሽት ጭፈራው ነው። ወላጅ "እዚያ እንዳትሄድ" የሚልበት ሰፈር ሆነ። የሰፈር ስም ደላላው እንደሚነግራችሁ የቆየ ዋስትና አይደለም።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ነዋሪውንም በቀበሌ አደራጀው። ለእኔ ትውልድ ቀበሌ ማለት የመታወቂያ ወረፋ ነው። ለወላጆቻችን ግን ሌላ ነገር ነበር። ቀበሌው እያንዳንዱን ቤት ያውቃል፤ ስንት ልጅ እንዳለ፣ የትኛው ተማሪ እንደሆነ፣ ማን ማታ እንዳመሸ፣ ማን እንግዳ እንዳሳደረ። ወንጀልን ለመከላከል ቢሆን ከዚህ የተሻለ ዝግጅት ከየት ይመጣል? በእኔ ሠንጠረዥ ቢሆን የ1969 ዓ.ም. ቀበሌ 10 ከ10 ያገኝ ነበር። በየመንገዱ የታጠቀ አብዮት ጥበቃ አለ፣ ምሽት ላይ ሰዓት እላፊ አለ፣ መንገዱ ጭር ያለ ነው።

የቀይ ሽብር ዘመን ነበር። ከተገደሉትና ከታሰሩት ብዙዎቹ የሃይ ስኩል ተማሪዎች፣ ማለትም በእህቴ ልጆች ዕድሜ ያሉ ነበሩ። ልጅን አሳልፎ የሰጠው ከሌላ ሰፈር የመጣ ሌባ አይደለም፤ ቤቱን የሚያውቀው፣ ስሙን የሚያውቀው፣ ምናልባትም ሠርግ ላይ አብሮ የበላው ሰው ነው። ወላጅ ልጁን ለማዳን ማንም ወደማያውቀው ሰፈር፣ ዘመድ ቤት ይልከው ነበር። መታወቅ እንዲህ ተገልብጦ አደጋ ሆነ። ስለዚህ "ሰው የሚተዋወቅበት ሰፈር ሰላም ነው" ብሎ መደምደምም አይቻልም። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ልጄን ማን ያውቀዋል? የሚያውቀውስ ሰው የሚታዘዘው ለማን ነው?

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። መቐለ ከሰማይ የመጣ አደጋን የምታውቀው ከድሮ ነው። በቀዳማይ ወያነ ጊዜ፣ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ መንግሥትን ለመርዳት የመጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደብድበዋል። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ደግሞ የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች መቐለ ላይ መጡ። ዒላማቸው የአውሮፕላን ማረፊያው ነበር ተባለ፤ ክላስተር ቦምብ የወደቀው ግን አይደር ትምህርት ቤትና በዙሪያው ባሉ ቤቶች ላይ ነው። ኢትዮጵያ ለይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽኑ ባቀረበችው መሠረት 53 ሰዎች ሞቱ፤ 12ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ኮሚሽኑ በ1996 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ኤርትራ ማድረግ የሚገባትን ጥንቃቄ ሁሉ ባለማድረጓ ተጠያቂ ናት አለ።

ከዚያ ውሳኔ ውስጥ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለት አውሮፕላን ተከታትሎ አንድ ዓይነት ስህተት እንዴት ይሠራል ብለው ሲመረምሩ፣ ከቀረቡት መላምቶች አንዱ የሁለቱም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት የተሳሳተ የዒላማ መረጃ ተጭኖበት ሊሆን ይችላል የሚል ነው። እኔ በየቀኑ መረጃ እጭናለሁ። የእኔ ስህተት ቢበዛ ደንበኛን ያስቆጣል።

አይደር ግንቦት 27 ስንት ያገኝ ነበር? ጥሩ ነጥብ። ትምህርት ቤት አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ልጆች በእግራቸው ይሄዳሉ። ነጥቡ ውሸት አይደለም፤ ግን የማይለካው ነገር አለ። በቅርቡ ጦርነትም ያው ነው። ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የአየር ድብደባ መቐለ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት መታ፤ ከሞቱት ውስጥ ልጆች ነበሩበት። ቦምብ የቪላና የጭቃ ቤት ልዩነት አያውቅም፤ ሀብታም ሰፈር መግባት ከዚህ አያድንም። ይህን ከተቀበልን፣ ሰፈር ሊያድነን ከሚችለው ነገር ጋር ብቻ መነጋገር እንችላለን።

ሰፈር ምን እንደሚችል ያየሁት በ2013 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 19 የፌዴራል ጦር መቐለ ገባ። ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ መብራት ይመጣል ይሄዳል። ለሳምንታት ፖሊስ የሚባል ነገር አልነበረም። ሌባው ይህን ከማንም በፊት ነው ያወቀው። በእህቴ መንገድ ላይ ጎረምሶች ድንጋይ ደርድረው መግቢያውን ዘጉ፣ ፊሽካ ተከፋፈሉ፣ በየተራ ማደር ጀመሩ። ሻይ የሚያወጡላቸው እናቶች ናቸው። ሕጉ ቀላል ነበር፦ ፊሽካ ከተነፋ ሁሉም ሰው በር ይከፍታል፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ ከመሸ በኋላ ለብቻው ከታየ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እጁን ይዞ እቤቱ ያደርሰዋል። የእህቴ ልጅ ያኔ ትንሽ ነበር፤ ሁለት ጊዜ እንደዚያ ተጎትቶ መጥቷል። አጥሩ ያኔ ቆርቆሮ ነበር፣ ዛሬም ቆርቆሮ ነው። ጠባቂዎቹ የሚታዘዙት ለቢሮ አልነበረም፤ ጠዋት ፊት ለፊት ለሚያገኟቸው እናቶች ነበር።

አሜሪካዊቷ ጄን ጄከብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ከተማ ደህንነት ያለችው ከዚህ ጋር ይገጥማል። መንገድን የሚጠብቀው በዋናነት ፖሊስ ሳይሆን መንገዱን የሚያይ ዓይን ነው፤ ሱቅ የሚጠብቀው ሰውዬ፣ መስኮት ላይ የቆመችው ሴትዮ። ጭር ያለ መንገድ ንጹሕ ሊሆን ይችላል እንጂ ሰላም ነው ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ወዲህ የበዙት የሪል እስቴት ግቢዎችም፣ የመቐለ ጫፍ ላይ ያሉት ቪላዎችም ያመጡት አዲስ ነገር ይህ ነው፦ ጭርታን እንደ ደህንነት መሸጥ። የመኳንንቱ ሰፈር ሀብታሙን ከድሃ ጋር አደባልቆ ነበር፤ አዲሱ ሰፈር ሀብታሙን ከሀብታሙ ጎረቤቱ ጭምር ለየው።

በዚህ ላይ የዛሬው የመቐለ ታዳጊ ሌላ ነው። መጀመሪያ በኮሮና፣ ከዚያ በጦርነት፣ ሦስት ዓመት ገደማ ትምህርት ቤት አልሄደም። ትምህርት ቤቱ የተፈናቃይ መጠለያ ሆኖ ያየ ልጅ ነው። በ18 ዓመቱ ዘጠነኛ ክፍል የሚቀመጥ ጓደኛ አለው፤ ወደ ሊቢያ ወይም ወደ ሳዑዲ መንገድ የጀመረ ጓደኛም አለው። ለዚህ ልጅ አደጋው አጥር ዘሎ አይገባም፤ በስልኩ ነው የሚገባው፣ "ገንዘቡን በኋላ ትከፍላለህ" ብሎ። ለልጃገረዶች ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የተሰማው የእገታ ዜና አለ፤ የእህቴም ዋና ፍርሃት እሱ ነው። ሁለቱንም አደጋ ቀድሞ የሚያየው ካሜራ ሳይሆን "ይህቺ ልጅ ሰሞኑን ፊቷ ተቀይሯል" የሚል ሰው ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ሰርዤ ለእህቴ ጥቂት ሥራ ሰጠኋት። በቀን ሳይሆን ማታ 1 ሰዓት ላይ ሂጂ። ከባጃጅ መውረጃው እስከ በሩ በእግርሽ ሂጂና ስንት ሰው እንዳየሽ ቁጠሪ። ሱቅ ገብተሽ ባለሱቁን ጎረቤቱ ማን እንደሚባል ጠይቂው። ዋርድያውን ደሞዙን ማን እንደሚከፍለው፣ የስንት ቤት ልጆችን በስም እንደሚያውቅ ጠይቂው። እድር አለ ወይ በይ። ታዳጊዎቹ ከትምህርት ቤት በኋላ የት እንደሚቀመጡ እይ። መጨረሻ ላይ ልጆቹን ራሳቸውን ውሰጂያቸውና ዝም በያቸው፤ እነሱ ያዩትን ይንገሩሽ።

ሄደች። ከመውረጃው እስከ በሩ አንድ ዋርድያና አንድ ውሻ አየች። ዋርድያው የመኪኖቹን ታርጋ ያውቃል፤ ከልጆቹ ግን አንዱንም በስም አያውቅም። እድር የለም። ወንዱ ልጅ "ኳስ የሚጫወት ሰው የለም እንዴ?" አለ። ሴቷ ምንም አላለችም፤ ማታ ግን ለእናቷ "እዚያ ብጮህ ማን ይሰማል?" አለቻት።

እንደዚያም ሆኖ ገቡ። የአሮጌው ቤት ባለቤት ኪራይ ጨምሮባት ስለነበር ምርጫዋ ጠባብ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ሰፈር የሚመርጠው እንደዚህ ተገፍቶ ነው። በገባች በመጀመሪያው እሑድ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ደጅ ላይ ቡና አፈላች። ዋርድያውን ጠራችው፣ ልጆቿን አስተዋወቀችው። ከጎረቤት ሁለት ሴቶች መጡ፤ አንዷ እዚያ አራት ዓመት ኖራ ሌላዋን ያወቀቻት የዚያን ቀን ነው። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ያፈላሉ፣ ቁጥራቸው አምስት ደርሷል። ባለፈው ዋርድያው ወንዱ ልጅ ከማያውቃቸው ትልልቅ ልጆች ጋር መኪና ውስጥ ሲገባ አይቶ ለእህቴ ደወለላት። ልጁ ተናዷል፤ ሰላይ ነው ብሎ ለሦስት ቀን አላናገረውም።

ሴቷ ልጅ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ወደ አሮጌው ሰፈር ትሄዳለች። ስትመለስ እናቷ ከባጃጅ መውረጃው ድረስ ሄዳ ትቀበላታለች።